ሞተሩ ከፊት፣ ቁልፉ ከኋላ

ዳኘው ብስክሌት መንዳት አይችልም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ ጭነት ተሸክሞ በጠባብ መተላለፊያ ወደ ኋላ ሲሄድ አንድ ካርቶን ጥሎ አያውቅም። ሁለት ጎማ ላይ ሲወጣ ግን ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። ሚስቱ ታይቱ ልታስለምደው ብዙ ደክማለች። ከሕንፃቸው ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች፣ "ወደ ፊት እይ! እግርህን አትይ!" ትለዋለች፤ እሱ እግሩን ያያል። በመጨረሻ ከጎረቤት መኪና ጋር ተላተመና የጎን መስታወቱን ይዞት ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀረ።

ታይቱ ራሷ የተማረችው ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ትሠራበት ወደነበረው የአረጋውያን መጦሪያ የሚያደርሳት የማለዳ አውቶቡስ አንዴ ሲቀር አንዴ ሲዘገይ አንገፈገፋትና፣ ከሥራ ባልደረባዋ አሮጌ ብስክሌት ተውሳ መጣች። በሳምንቱ ጉልበቷም ክርኗም ተልጦ ነበር፤ ግን ቀጥ ብላ ትነዳለች። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአንድ አውሮፕላን አብረዋት የመጡት ሴቶች፣ "ኧረ ታይቱ፣ በዚህ ዕድሜሽ!" ሲሏት፣ "በልጅነቴማ ማን ሰጥቶኝ!" ትላቸው ነበር።

ባለሁለት መቀመጫውን ብስክሌት ያገኘችውም እሷ ናት። እዚህ ታንደም ይሉታል። ረጅም ነው፤ ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት መሪ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል አለው። የኋለኛው መሪ ግን እጅ ማሳረፊያ ብቻ ነው፤ አይዞርም። ከሚኖሩበት ከቂርያት ጋት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስት ቤት ሲቀይሩ ከዕቃቸው ጋር ሊጥሉት አውጥተውት አየች። ዳኘው ጡረታ የወጣ ሰሞን ነበር። ደጅ አቁማ ጠራችው።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ዳኘው።

"ያንተና የኔ ነው። እኔ ከፊት፣ አንተ ከኋላ። አንተ እግርህን ብቻ አዙር፤ መውደቁን ለኔ ተወው።"

አልወደቁም። በመጀመሪያው ቀን ሰፈሩን ዞሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ደረሱ፤ ክረምቱ ሳይገባ ልጃቸው ሬዑት ወደምትኖርበት ወደ አዲሱ ሰፈር ወደ ካርሜ ጋት፣ ወደ አዲሶቹ ፎቆች መሄድ ለመዱ። ምኩራብ ውስጥ ጓደኛው ተፈራ ሊያስቅበት ፈልጎ፣ "ዳኘው፣ ሚስትህ ሾፌር አንተ ተሳፋሪ ሆናችሁ አሉ?" ቢለው፣ "አዎ፣ ትኬትም አታስከፍለኝም" ብሎ መለሰለት። በልቡ ግን ከዚህ የበለጠ ያስባል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ዳኘውም በዚያ ወራት የሚስቱን ጀርባ እንደ አዲስ አወቀው። መኪና ሲጠጋቸው ትከሻዋ ንቅንቅ አይልም። አደባባይ ሲደርሱ አንገቷን ወደ ግራ አዙራ፣ የመኪናውን ሾፌር ዓይን ለዓይን አይታ፣ እጇን ዘርግታ ታስቆመዋለች፤ ሰውየውም ይቆማል። ይህች ሴት ይኼን ሁሉ የት ደብቃው ኖረች ይል ነበር ዳኘው።

የታንደም ፔዳሎች፣ የፊቱም የኋላውም፣ በአንድ ካቴና የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሲያዞር የሌላውም ይዞራል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላውም ማቆም አለበት። ታይቱ ከፊት ሆና መንገዱን ታያለች፤ ዳኘው ከኋላ ሆኖ ያወራል። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ጎንደር፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ልጃቸው ዩቫል አለማግባት፣ አፉ አያርፍም። እሷ አልፎ አልፎ "እ" ትላለች።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ታይቱ ድንገት ተነስታ፣ "ልበስ፤ ኩፓት ሆሊም እንሄዳለን" አለችው። ኩፓት ሆሊም የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው።

"ምን ሆኜ?"

"ምንም አልሆንክም። አንድ ሰው ድንገት ወደቀ ሲሉ ሰማሁና ፈራሁ። ለኔ ስትል ተመርመርልኝ።"

እያጉረመረመ ሄደ። የልቡን ምት የሚያነበው ወረቀት ከማሽኑ ወጥቶ ሳያልቅ ነርሷ ሐኪሙን ጠራች፤ ሐኪሙ አምቡላንስ ጠራ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውስጥ የተዘጋ የልብ ደም ሥሩን ከፈቱለት። ዳኘው ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ፣ "እግዚአብሔር ነው የዚያን ሰው ወሬ ያሰማት" እያለ ይናገር ነበር።

ሲያገግም አንዲት የልብ ሐኪም፣ "ብስክሌቱን አይተዉት፤ መድኃኒትዎ እሱ ነው" አለችው። "ግን እየነዱ ማውራት መቻል አለብዎት። ትንፋሽ አጥሮዎት ዝም ካሉ ከአቅምዎ አልፈዋል ማለት ነው።"

ጸደይ ሲሆን ታንደሙን አውጥተው ተቀመጡበት። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ወደ ካርሜ ጋት በሚወስደው ዳገት ላይ ግን ዳኘው ስለ ተፈራ የጀመረውን ወሬ አቋረጠ። ታይቱ ወዲያው ፍሬን ያዘች።

"ለምን ቆምሽ? አልደከመኝም።"

"ዝም አልክ እኮ።"

ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ ወጡት። በሚቀጥለው ዓርብም እንደዚያው። በሦስተኛው ዳኘው፣ "አንቺ ብቻሽን ሂጂ፤ እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ" አለ። ታይቱ ማታ ለዩቫል ስልክ ደውላ፣ "ለብስክሌታችን ሞተር እንፈልጋለን" አለችው።

ዩቫል በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ቴክኒሻን ነው፤ አንድ ነገር ከያዘ ሥሩን ሳያይ አይለቅም። በሳምንቱ ኮምፒውተሩን ይዞ መጥቶ ሳሎን ተቀመጠ።

"አባ፣ እማ፣ ነገሩ ሦስት ዓይነት ነው" አለ። "አንዱ የፊት ጎማው እምብርት ውስጥ የሚገባ ነው። ጎማውን ራሱን ያዞራል። ሁለተኛው የኋላው እምብርት ውስጥ የሚገባ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መሃል፣ ከፔዳሉ ሥር ይታሰርና ጉልበቱን በካቴናው በኩል ይሰጣል። ማርሹን ስለሚጠቀም ዳገት ላይ እንደሱ ያለ የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ መሃለኛው ነው።"

"የኋላውስ?" አለች ታይቱ።

"የታንደም የኋላ ጎማ ሁለት ሰው ስለሚሸከም ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ያየሁት ሞተር ሁሉ ጠባብ ነው፤ አይገጥምም።"

"እንግዲያው ምርጫው ከመሃሉና ከፊቱ ነዋ።"

"መሃሉ ነው እማ። ያንን ዳገት ሳይታወቃችሁ ነው የምትወጡት።"

ዳኘው የልጁን አነጋገር ሲሰማ ደስ አለው፤ እሱም ልቡ ወደ መሃለኛው አዘነበለ። ታይቱ ግን፣ "ሳልቀመጥበት አልመርጥም" አለች። ለእግሯ ጫማ ስትገዛም እንዲሁ ናት፤ አጥልቃ ሱቁን ሁለት ጊዜ ሳትዞር አትገዛም።

ዩቫል የሚያውቃት አናት የምትባል መካኒክ ነበረች። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ጫፍ፣ ከአንድ የብረት ሥራ ቤት አጠገብ፣ ለብስክሌት ሞተር የምትገጥምበት ሱቅ አላት። ቂርያት ጋት የተወለደች፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ ያሰረች፣ እጇ እስከ ክርኗ ዘይት የነካው ወጣት ሴት ናት። ባልና ሚስቱን ታንደማቸውን እየገፉ ከዩቫል ጋር ሲገቡ ስታይ ወንበር በጨርቅ ጠርጋ አቀረበች።

"ይቀመጡ አባባ፤ እማማ እርስዎም። አማርኛዬ የአያቴ ነው፤ ስሳሳት ይረሙኝ።"

"ከኛ ልጆች ይሻላል" አለ ዳኘው ዩቫልን በጎን እያየ።

አናት ታንደሙን ዙሪያውን አየችው። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ብረት በጣቷ መታ መታ አደረገችው። "ጥሩ ብረት ነው። አሉሚንየም ቢሆን የፊት ሞተር እሺ አልልም ነበር።" ከዚያ ምንም ነገር ልትሸጥላቸው ሳትሞክር ወደ ውስጥ ገብታ ሌላ ታንደም እየገፋች ወጣች። "ይኼ የኔና የባለቤቴ ነው። ሞተሩ መሃል ነው። ዛሬ ዓርብ፣ የሰንበት ዋዜማ ስለሆነ የጭነት መኪና የለም፤ መንገዱ የእናንተ ነው። ነድታችሁ ኑና እናወራለን።"

ታይቱ ከፊት፣ ዳኘው ከኋላ ተቀመጡ። ፔዳሉን ገና አንድ ዙር ሳያዞሩት ብስክሌቱ ተስፈነጠረ። ዳኘው ሳይታወቀው ጮኸ፤ ቀጥሎም ሳቀ። የፋብሪካዎቹ አጥር፣ የተዘጉት በሮች፣ የቆሙት ተሳቢዎች ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ነፋሱ ሸሚዙን ሞላው። ለብዙ ዓመታት በዚህ መንገድ ለሥራ ተመላልሷል፤ እንደዚህ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም። ይኼ ነው! አለ በልቡ። ይኼማ አውሮፕላን ነው!

ከመንገዱ ጫፍ ሲመለሱ ግን ጭኑ ዛለ። እንደ ልማዱ እግሩን ሊያሳርፍ ፔዳሉ ላይ ለዘብ አለ። ፔዳሉ አላረፈለትም። ሞተሩ ካቴናውን ይጎትታል፤ ካቴናው ፔዳሉን ያዞራል፤ ፔዳሉ እግሩን ይዞት ይሄዳል። ጉልበቱ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ እሱ ግን አይደለም የሚያዞረው። "ቀስ በይ" ሊላት ፈለገ፤ ታይቱ ደስ ብሏት እንደሆነስ ብሎ ተወው። ጥርሱን ነክሶ፣ መሪውን ጨብጦ ዝም አለ።

ታይቱ ፍሬን ይዛ ዳር ወጣች። እግሯን መሬት አስረግጣ ወደ ኋላ ዞረች።

"ዳኘው፣ አለህ?"

"የት እሄዳለሁ? ይኸው አለሁ።"

"አልተሰማኸኝም። ብቻዬን የምነዳ ነው የመሰለኝ።" ፊቷ ላይ ንዴትም ፍርሃትም ነበር። "ደክሞህ ነበር አይደል?"

"ትንሽ።"

"አየህ! እኔ አላወቅሁም።"

"ከኋላሽ ሆኜ መድከሜን በምን ታውቂያለሽ? ዓይን የለሽ በጀርባሽ!"

ታይቱ የራስ ቁሯን ፈታ በእጇ ያዘችው። "በእግሬ ነዋ" አለች። "በኛ ብስክሌት ያንተ እግር ከኔ እግር ጋር የታሰረ ነው። ቀኝህ ሁልጊዜ ይበረታል፤ ግራህ ይከተላል። የተናደድክበትን ነገር ስታወራ ፔዳሉን ትረግጠዋለህ። ሲያንቀላፋህ ትከብደኛለህ። ያን ጊዜ፣ ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት፣ እግርህ ከቀን ወደ ቀን ቀለለብኝ። ከኋላዬ እያነስክ መጣህ። ሜዳ ላይ ሳይቀር ለሁለት እኔ ነበርኩ የማዞረው። አፍህ ግን ያወራል።"

ዳኘው ከብስክሌቱ ሊወርድ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤ እንዳነሳው ቀረ።

"ሰው ወደቀ ሲሉ ሰማሁ ያልሽውስ?"

"እግርህ ቀሎኛል ብልህ ትሄድ ነበር? ስቀህብኝ ትተኛ ነበር።"

ይህን ብላ የራስ ቁሯን መልሳ አጠለቀችና አገጯ ሥር ቆለፈችው። ዳኘው ያን ሁሉ ወራት የእግዚአብሔርን ሥራ ላገኘው ሁሉ ሲተርክ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ እየሰማች፣ አንድ ቀን "እኔ ነኝ" አላለችም። "ታይቱ" አለ። እሷ ግን ወደ ፊት ዞራ ነበር። "በል አዙር፤ ሱቁ ይዘጋል" አለችው።

ሲመለሱ አናት ገና ከሩቅ ፊታቸውን አይታ፣ "አልተስማማችሁም" አለች።

"ጎበዝ ሞተር ነው" አለች ታይቱ። "ግን ከኋላዬ ያለውን ሰው ሰወረብኝ። እግሩም ማረፍ ሲፈልግ ያዞረዋል።"

አናት ራሷን ነቀነቀች። "ልክ ነው እማማ። ሞተሩ ሲጎትት የፊተኛው ፔዳል ከካቴናው ነጻ ይሆናል፤ የኋለኛው ግን ታስሮ ይቀራል። የኋለኛውንም ነጻ የሚያደርግ ዕቃ አለ፤ አባባ እንደልባቸው ያርፋሉ። መሰማማቱ ግን ያኔም አይመለስም።"

"የፊቱስ?"

"የፊቱ ጎማውን ብቻ ነው የሚያዞረው። የእናንተን ካቴና አይነካም፤ ዛሬ እንዳለው ይቀራል።"

ዩቫል ጣልቃ ገባ። "እማ፣ የፊቱ ደካማ ነው። ዳገት ላይ እናንተም ማዞር አለባችሁ። አሸዋ ላይ ደግሞ ጎማው ይሽከረከርና ይንሸራተታል። አናት፣ ውሸት ነው?"

"እውነቱን ነው" አለች አናት። "አሸዋና እርጥብ መንገድ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ብረቱን የሚደግፍ ማጠናከሪያ በሁለቱም ጎን እገጥማለሁ፤ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ እንዲጠፋ አደርጋለሁ። የሱ ጉድለት ግን ይኸው ነው።"

ታይቱ ወደ ዳኘው ዞረች። "ዳገቱ ላይ እኛም እናዙር ይላል። ታዞራለህ?"

"አዞራለሁ" አለ ዳኘው። ከዚያ የበለጠ ሊል ፈልጎ ነበር።

"እንግዲያው የፊቱ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ" አለች ታይቱ ለአናት፤ "ሞተሩን የሚያበራው፣ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ከኋላ ይሁን። በሱ እጅ።"

አናት ሳቀች። "ከፊት ያለው ሰው ቁልፉን አሳልፎ ሲሰጥ ዛሬ አየሁ! ሁሉም ለራሱ ነው የሚፈልገው።"

"መሪውም ፍሬኑም እኔ ጋ ነው፤ ይበቃኛል። መቼ እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው እሱ ነው። የሰውን ልብ ከፊት ሆኜ ልለካለት?"

ዩቫል እናቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከደነና፣ "ቤሴደር፣ ሽቦውን ወደ ኋላ የምስበው እኔ ነኝ" አለ፤ ይሁን እሺ ማለቱ ነበር። አናትም መሣሪያ አቀበለችው። ዳኘው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልጁን ተንበርክኮ ሲሠራ፣ ሚስቱን ደግሞ "እዚያ ጋ አይላላም?" እያለች ስታስቸግረው ተመለከተ። በዚያ ሰዓት ሚስቱን ምን ያህል እንደሚያደንቃት ለማን እንደሚናገር አላወቀም፤ ስለዚህ ለአናት፣ "ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው የተማረችው" አላት።

"ምኑን አባባ?"

"ብስክሌቱን። በሳምንት።"

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ካርሜ ጋት አደረጉት። ዳገቱ ሲጀምር ዳኘው ቁልፉን ተጫነ። ብስክሌቱ አልተስፈነጠረም፤ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ መሪውን ይዞ የሚስባቸው ያህል ብቻ ነበር። እግራቸው ይሠራል፤ እየሠራም ያርፋል። ዳኘው ስለ ተፈራ ማውራት ጀመረ፤ ዳገቱን አጋምሶም ያወራል፤ ጨርሶም ያወራል። ታይቱ ለወትሮው "እ" የምትለውን እንኳ ረስታ ነበር። ጫፍ ላይ ሲደርሱ፣ "ከዚያስ ተፈራ ምን አለ?" ብላ ጠየቀችው፤ እሱ ግን ተፈራ ምን እንዳለ ረስቶታል።

ካርሜ ጋት አሁንም ያልተጨረሱ ፎቆች አሉባት። በአንዱ ግንባታ ፊት ለፊት ከጭነት መኪና የፈሰሰ አሸዋ አስፋልቱን ሸፍኖት ነበር። የፊት ጎማው አሸዋው ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ያጓራ ጀመር፤ ጎማው ባለበት ተሽከረከረ፤ መሪው ወደ ቀኝ ተጣመመ።

"ልቀቅ!" አለች ታይቱ።

ዳኘው ጣቱን አነሳ። እሷ ፍሬኑን ሳትነካ መሪውን አቃናች፤ ትከሻዋን ወደ ግራ ጣለች፤ ብስክሌቱ እንደ ሰከረ ሰው ሁለት ጊዜ ተወላገደና ቆመ። ሁለቱም እግራቸውን መሬት አስረገጡ።

"ተጎዳሽ?"

"አልተጎዳሁም። ቶሎ ለቀቅክ፤ ጎበዝ።" ከዚያ በተራዋ ተቆጣች። "ግን አሸዋውን ሳልነግርህ ማየት ነበረብህ። ቁልፉ ያንተ ከሆነ መንገዱም ያንተ ነው።"

እውነቷን ነበር። ዳኘው እስከዚያ ቀን ድረስ መንገዱን አይቶት አያውቅም፤ ለሷ ትቶት ነበር። ከዚያ ወዲያ አንገቱን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ማየት ለመደ። ጉድጓድ ሲያይ ቀድሞ ይለቃል፤ እርጥብ መንገድ ሲያይ አይነካውም፤ ዳገት ሲመጣ ትንፋሿ ሳይቆረጥ ይጫናል። አንዳንዴ የደከመው እሱ አይደለም፣ እሷ ናት። ይህንንም በእግሩ ማወቅ ጀመረ። የመጀመሪያ ጊዜ ሲያውቅ ደነገጠ፤ የግራ እግሯ ሲዝል ፔዳሉ ታች ላይ ሲደርስ ጥቂት ይዘገያል። ቁልፉን ተጫነ። የታይቱ ጀርባ ለቀቅ አለ።

በበጋው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በባቡር ጣቢያው በኩል ሲያልፉ ባቡር ደርሶ ወታደሮች ይወርዱ ነበር። ቦርሳ የተሸከሙ፣ እንቅልፍ ያልጠገቡ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ ረጅሙን ብስክሌት አይታ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሰመችና በአማርኛ ተጣራች።

"እማማ! ሲያምርብዎት! እኔንም ያድርሱኝ!"

"ቦታ የለኝም የኔ ልጅ፣ ባሌን ጭኛለሁ!" አለች ታይቱ፣ አንገቷን ሳታዞር።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጻቸው ሮጠ። መንገዱ ሜዳ ነበር፤ ሞተርም አያስፈልግም። ዳኘው ግን ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ እነዚያ ልጆች ሚስቱ እንዴት እንደምትነዳ በደንብ እንዲያዩለት ፈልጎ፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ተጫነው። ብስክሌቱ ወታደሮቹን፣ የታክሲውን ተራ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን አልፎ ተወረወረ። የታይቱ ቀሚስ ጫፍ በነፋስ ይውለበለባል።

"ዳኘው! ማን አዘዘህ?"

ዳኘው ያልሰማ መስሎ እግሩን ማዞሩን ቀጠለ።